ከጉልበት እስከ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ለብረት ፍለጋ የሚሆን የአሸዋ መዛቂያ፦ እስካሁን የተማርኩት

ሜታል ዲቴክተር (የተቀበረ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ) ይዞ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መሣሪያው ነው፤ ስለ ኮይሉ፣ ማለትም ወለሉን ስለሚፈትሸው ክብ ራስ፣ ስፋት፣ ስለ ባትሪውና ስለ ማዳመጫው ብዙ ይጠይቃል፤ ስለ መዛቂያው፣ ረጅም ዘንግ ስላለው ባለ ቀዳዳ የብረት ቅርጫት፣ የሚጠይቀው ግን መጨረሻ ላይ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ በዚህ ልምምድ እየቆየሁ ስሄድ ትኩረቴ ወደ መዛቂያው አድልቷል። የመሣሪያው ድምፅ የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው። ደረቅ መሬት ላይ ጉድጓዱን በዓይናችን እያየን አፈሩን በእጃችን እንበትናለን፤ ውሃ ውስጥ ግን ደለሉ ወዲያው ይደፈርሳል፣ ጉድጓዱ አይታይም፣ የተቆፈረውም አሸዋ ተመልሶ ይሞላል። ስለዚህ መዛቂያው በአንድ ጊዜ መቆፈርም ማጥለልም አለበት፤ ለአንደኛው የሚበጀው አሠራር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላኛውን ይጎዳል።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በቅርብ የሚገኘው የአባ ሳሙኤል ሐይቅ የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ የሚገባበትና እንቦጭ የወረረው ውሃ በመሆኑ ማንም እግሩን እንዲያስገባበት አልመክርም። ገፈርሳና ለገዳዲ የመጠጥ ውሃ ግድቦች ስለሆኑ ጨርሶ አይታሰቡም። በዚህ ምክንያት ልምምዴን ግቢዬ ውስጥ ባስቀመጥኩት ግማሽ በርሜል፣ ፍለጋውን ደግሞ የቦታውን ባለቤቶች አስፈቅጄ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻና አልፎ አልፎ በላንጋኖ አካሂዳለሁ። ኢሬቻ የሚከበርበትን የሆራ ዳርቻም ሆነ የጸበል ቦታዎችን አልነካም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ሳይዘገይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲገለጽ ስለሚያዝ፣ እኔ የምፈልገው ዋናተኞች የጣሏቸውን የዘመናችንን ዕቃዎች ብቻ ነው፤ ይህንን አዲስ ጀማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ በመዛቂያ ምርጫ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለቀዳዳው ስፋት ነው። በርሜሉን በግንባታ አሸዋና በደቀቀ ሬድ አሽ ድብልቅ ሞልቼ ውሃ ጨመርኩበት፤ ከዚያም 8፣ 10 እና 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያላቸው ሦስት የላሜራ ቁራጮች በትራፓን አስበስቼ እንደ ቅርጫት አጠፍኳቸው። የቀበርኳቸው ዕቃዎች የአምስት ሳንቲም ገንዘብ፣ የነሐስ ቀለበት፣ ትንሽ የጆሮ ጌጥ እና ቀጭን የአንገት ሰንሰለት ነበሩ። የአምስት ሳንቲሙ ስፋት 20 ሚሊሜትር ስለሆነ ከሦስቱም ሊያመልጥ አልቻለም፤ ቀለበቱም እንዲሁ። የጆሮ ጌጡን የያዘው ባለ 8ቱ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ የተለየ ጠባይ አለው፤ ከተበጠሰ ጫፉ ያገኘውን ቀዳዳ ይዞ ይወርዳል፣ ቀሪው ይከተለዋል፣ ቀዳዳ በማጥበብም ሙሉ በሙሉ አይገታም። መዛቂያውን ወደ ላይና ወደ ታች ከመነቅነቅ ይልቅ በዝግታ ባዞርኩት ጊዜ ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ ሲቀር አይቻለሁ፤ መስቀል ያለው ከሆነ ደግሞ መስቀሉ ራሱ ያስቀረዋል።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ባለ 8ቱን አንይዝም? መልሱ ያለው በሐይቁ ወለል ላይ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ በመሆናቸው ዳርቻቸው ጥቁርና ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይበዛበታል፤ ከ8 ሚሊሜትር የሚበልጠው ጠጠር ሁሉ መዛቂያው ውስጥ ስለሚቀር በእያንዳንዱ ዝቂያ እፍኝ ሙሉ ድንጋይ በጣት መልቀም ግድ ይሆናል። ላንጋኖ ላይ አሸዋው ደቃቅ፣ ውሃውም በተንሳፈፈ ደለል ምክንያት ቡናማ ነው፤ እዚያ ባለ 8ቱ በደንብ ይሠራል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ባለ 10ሩን እመርጣለሁ። ከ12 በላይ ግን የልጆች ቀለበት ማምለጥ ስለሚጀምር አልሄድም።

የቀዳዳዎቹ ስፋት ብቻውን አይበቃም፤ መቀራረባቸውም ይቆጠራል። ቀዳዳዎቹ እንደ ንብ ቀፎ በሰያፍ ተሰድረው ባለ 10 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ ከመሐል እስከ መሐል በ14 ሚሊሜትር ከተራራቀ ከላሜራው ገጽ 46 በመቶ ያህሉ ክፍት ይሆናል፤ ርቀቱ ወደ 20 ሚሊሜትር ከሰፋ ግን ክፍቱ ወደ 23 በመቶ ይወርዳል፤ ማጥለያው ጊዜም በዚያው ልክ ይረዝማል። በያጅ ቤት ስታዝዙ «ቀዳዳ በዛ አድርግበት» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ርቀቱን በሚሊሜትር ጽፋችሁ ስጡ።

ክብደትን በተመለከተ ስሌቱን አንድ ጊዜ መሥራት ጠቃሚ ነው። 15 ሴንቲሜትር ስፋትና 20 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ክብ መዛቂያ ሲሞላ ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል፤ ይህን ያህል እርጥብ አሸዋ ደግሞ ወደ 7 ኪሎግራም ይመዝናል። ውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ ክንዳችን የሚሸከመው ግማሹን ገደማ ነው። ስለዚህ ማጥለል ያለብን መዛቂያውን ከውሃው ሳናወጣ ነው፤ ከውሃው በላይ አንሥቶ የሚነቀንቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ላይ ወገቡ ይነግረዋል። ትልቅ መዛቂያ ብዙ አሸዋ ስለሚያነሣ ይመረጣል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከዚህ መጠን በላይ መሄድን አልደግፍም።

በዘንጉ ላይ ያለኝ አቋም ጠንከር ያለ ነው። በየሱቁ የሚገኘው ባለ አንድ ኢንች የውሃ ቱቦ በሜትር ወደ 2.4 ኪሎግራም ስለሚመዝን፣ አንድ ሜትር ተኩሉ ብቻውን ከመዛቂያው ራስ ይከብዳል። የደረጃ መደገፊያ የሚሠሩ ቤቶች የሚጥሉት 32 ሚሊሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የስቴንለስ ቱቦ ቁራጭ በሜትር አንድ ኪሎግራም እንኳ አይሞላም። ሆኖም የኔ ምርጫ በደንብ የደረቀ የባሕር ዛፍ ዘንግ፣ የተልባ ዘይት የጠጣ፣ ነው። ቀላል ነው፤ ኮይሉ ቢጠጋውም አያስጮኽም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንጨቱ ስለሚንሳፈፍ መዛቂያውን ለቅቄ ሁለቱንም እጆቼን መሣሪያው ላይ ባደርግ የብረቱ ራስ ታች ተቀምጦ ዘንጉ ቀና ብሎ ይጠብቀኛል። ርዝመቱን የለካሁት ከመሬት እስከ ብብቴ ነው፤ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ከዚህ ካጠረ ጎንበስ ማለት ይመጣል።

አወጣጡም ከመዛቂያው ቅርጽ ጋር የተያያዘ ነው። ድምፁ ከጠራ በኋላ የእግሬን ጫፍ ከኮይሉ መሐል አጠገብ አሳርፋለሁ፤ ኮይሉን አንሥቼ የመዛቂያውን አፍ ከእግሬ ጫፍ ፊት አስገባለሁ፤ በጀርባው ላይ የተበየደውን መርገጫ ረግጬ ዘንጉን ወደ ራሴ እስባለሁ። መርገጫ የሌለው መዛቂያ ጠጠር ባለበት ወለል ላይ ከንቱ ነው። አፉ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ቢሠራና መሐሉ ወደ ፊት ሾጠጥ ቢል ጠጠሩን ሰንጥቆ ይገባል። ዝቂያውን ካወጣሁ በኋላ ሳላጠልል ጉድጓዱን በኮይሉ ዳግም እፈትሻለሁ፤ ድምፁ ከጠፋ ዕቃው እጄ ላይ ነው ማለት ነው።

አንዳንዶች ሚስማርና ቆርኪ እንዲለቅምላቸው መዛቂያው ሥር ማግኔት ያስራሉ። በባሕር ነጭ አሸዋ ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በእኛ የእሳተ ገሞራ አሸዋ ላይ ግን ማግኔቱ ብረት አዘሉን ጥቁር ደቃቅ ስለሚሰበስብ ብዙም ሳይቆይ በጥቁር ጢም ይሸፈናል። አልመክረውም።

ስለ ማቴሪያሉ ብዙ አልልም። የውጭዎቹ መዛቂያዎች ስቴንለስ የሚሆኑት በዋናነት ለጨው ውሃ ስለታሰቡ ነው፤ ለእኛ ሐይቆች ቀለም የተቀባ ተራ ላሜራም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ታጥቦ ከደረቀ ለዓመታት ያገለግላል። ምናለሽ ተራ የሚሸጠው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከበሮ ቀዳዳው በጣም ጠባብ፣ ላሜራውም ስስ ስለሆነ ጠጠር ላይ ይታጠፋል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከመረጣችሁ በሚበየድበት ቦታ ያለው ዚንክ አስቀድሞ በግራይንደር ይነሣ፤ ጭሱ ለበያጁ ጤና አደገኛ ነው። ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ በቆዳ ስለሚገባ ረጅም የጎማ ቦት ከመዛቂያው በፊት ይገዛ።

የእኛ አካባቢ ጥቁር አፈር ግን አሁንም መልስ አላገኘሁለትም። ከዝናብ በኋላ በአቃቂ ሜዳ የሚተኛው መረሬ እንደ ሊጥ ስለሚጣበቅ በ12 ሚሊሜትሩም ቀዳዳ አይወርድም። አሁን ያዘዝኩት ሁለተኛ ራስ ቀዳዳው ክብ ሳይሆን 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ረጅም ስንጥቅ ሲሆን፣ ጭቃው በውሃ ግፊት ተቆርሶ ይወጣ እንደሆነ በበርሜሉ ውስጥ እሞክረዋለሁ። ከእናንተ መካከል የእንጨት ዘንግ ከብረት ራስ ጋር የሚያያዝበትን መገጣጠሚያ የሠራ ካለ፣ ሁለቱን ቡሎኖች በአንድ መስመር ነው ወይስ አቅጣጫቸውን ለውጦ ያሰራቸው፣ እንጨቱ የሚሰካበት ቱቦ ርዝመትስ ስንት ሴንቲሜትር ነው? እኔ አቅጣጫቸውን ለውጬ በ18 ሴንቲሜትር ቱቦ ለማሰር አስቤያለሁ፤ እንጨቱ የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ስለሆነ ልኬታችሁን ብታካፍሉኝ ራሱን ከማስበየዴ በፊት አስተካክለዋለሁ።