ከእናቷ የተረፈችው ኤቼቬሪያ

ዛሬ ጠዋት ትንሿ ኤቼቬሪያዬ የራሷ ማሰሮ ውስጥ ገባች። ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሳንቲሜትር ብትሆን ነው። ከአንዲት ቅጠል ተነስታ እዚህ ለመድረስ 9 ወር ፈጅቶባታል። ቤተሰቡን ጠርቼ አሳየሁ፤ "ደስ ትላለች" ብለው አለፉ። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ እየተመላለስኩ አያታለሁ። እናንተ ይገባችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ለማታውቋት፣ ኤቼቬሪያ ወፋፍራም ቅጠሎቿን እንደ ጽጌረዳ ደርባ የምታድግ፣ ውሃዋንም እዚያው ቅጠሏ ውስጥ የምታጠራቅም ተክል ናት። አብዛኞቹ ዝርያዎቿ የሜክሲኮ ናቸው። ብዙዎቹ የሚበቅሉት ድንጋያማ ተዳፋትና ገደል ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ያርሳቸውና ወርዶ ይሄዳል። ሥራቸው ውሃ ውስጥ ተነክሮ አይከርምም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ባጭሩ ልለፋቸው። እናቲቱን ያገኘኋት በስጦታ ነው። ከመስኮት ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። በ2 ወር ውስጥ ግንዷ ረዘመ፣ ቅጠሎቿ ተራራቁ። ያደገች መስሎኝ ነበር። ለካ ብርሃን ፍለጋ እየተንጠራራች ነው። አንዴ የተንጠራራ ግንድ ደግሞ ተመልሶ አያጥርም። ይህ ሲገባኝ አንስቼ ቀጥታ ቀትር ፀሐይ ላይ አወጣኋት፤ ሁለት ቅጠሎቿ ተቃጠሉ። ቀስ እያሉ፣ በቀን ትንሽ ትንሽ ማለማመድ ነበረብኝ። ቅጠሏ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት መሳይ ነገርም አቧራ መስሎኝ በጨርቅ ጠርጌዋለሁ። ከፀሐይ የሚከላከላት ሰም ነው። ከቅጠሉ ላይ ከተጠረገ ተመልሶ አይመጣም። እባካችሁ አትንኩት።

ዋናው ጣጣ ግን ውሃው ነበር።

"በሳምንት አንድ ጊዜ አጠጣት" ተብዬ ነበር፤ እኔም ቀን ሳላዛንፍ አጠጣሁ። ይህን ምክር ዛሬ ስሰማ እናደዳለሁ። ሳምንት የሚባል ነገር ተክሉ አያውቅም። ማሰሮው፣ አፈሩ፣ ብርሃኑ፣ ወቅቱ ናቸው የሚወስኑት። በ5ኛው ወር የታችኞቹ ቅጠሎች መጨማደድ ጀመሩ። ጠምቷት ነው ብዬ ጨመርኩላት። ሌላ ሳምንት ቆይተው ቢጫ ሆኑ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ መሰሉ፣ ስነካቸው ፈረጡ። ነቅዬ ሳያት ሥሯ ቡናማ ሆኖ በጣቴ ተላጠ። ግንዷ ከታች ጠቁሯል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የተጠማ ቅጠል ይጨማደዳል፣ እውነት ነው። ግን የበሰበሰ ሥርም ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ አፈሩ ርሶ እያለ ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። ቅጠሉን ብቻ አይታችሁ ውሃ አትጨምሩ፤ መጀመሪያ አፈሩን እዩ።

አፈሩን ማየት ስል ላይኛውን ማለቴ አይደለም። እኔም ላይኛውን በጣቴ ነክቼ "ደርቋል" እያልኩ ነው የቀበርኳት። አሁን የምጠቀመው ቀጭን የእንጨት ስንጥር ነው። እስከ ማሰሮው ወለል ድረስ እሰካዋለሁ፣ 10 ደቂቃ እተዋታለሁ፣ አወጣታለሁ። ከጠቆረች ወይም አፈር ይዛ ከወጣች አላጠጣም። ንጹሕና ደረቅ ሆና ከወጣች ከታች እስኪፈስ ድረስ አጠጣለሁ። የእናቲቱን አሮጌ የፕላስቲክ ማሰሮ ከነአፈሩ አጠጥቼ በስንጥር ስከታተለው፣ ላዩ በ3ኛው ቀን ደረቀ፤ ወለሉ ግን በ16ኛው ቀንም እርጥብ ነበር። ግማሹ ሸካራ አሸዋና ፐርላይት (ቀላል፣ ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) የሆነ አፈር የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርጌ ስሞክር በ6ኛው ቀን ደረቀ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ቀን ቆጠራ ቢነግረኝ አልሰማም።

ሌላው የማልስማማበት ነገር፣ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ከታች ጠጠር መደርደር ነው። እኔም አድርጌው ነበር። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ውሃ እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ይቆማል። እርጥቡን ቦታ ወደ ሥሩ ከፍ ማድረግ ነው። ጠጠራችሁን ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ይኑረው።

እናቲቱን ለማትረፍ አናቷን ቆርጬ ለማድረቅ ሞከርኩ፤ ብስባሱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፣ አልሆነም። የተረፉኝ 7 ጤነኛ ቅጠሎች ናቸው። ለ4ቱ በየቀኑ ውሃ ረጨሁላቸው፤ ሁሉም በሰበሱ። 3ቱን ደረቅ አፈር ላይ አጋድሜ ተውኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋ ስለቆረጥኩ ነው እንጂ አውቄ አይደለም። በ4ኛው ሳምንት ከአንዷ ቅጠል፣ ከግንዱ ጋር ተያይዛ ከነበረችበት ጫፍ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሥር ወጣ። ቅጠሏ የራሷን ውሃ ይዛ ነበር፤ የኔ አላስፈለጋትም። ሥር ካወጣች በኋላ ነው ማጠጣት የጀመርኩት።

አሁንም እጄን መሰብሰብ ይከብደኛል። ቅጠሏ ትንሽ ፈዘዝ ያለች ሲመስለኝ ወደ ውሃው እሄዳለሁ። ለዚህ ብዬ ማጠጫውን ሌላ ክፍል አስቀመጥኩት። እስክደርስ ድረስ ስንጥሯ ትዝ ትለኛለች። ባለፈው ወር ግን ሳላያት አጠጥቻለሁ፤ ለ3 ቀን ያህል ጠዋት ጠዋት ግንዷን ስፈትሽ ነበር።

ዛሬ ሳዛውራት ጥቂት ሥሮች ተበጥሰዋል። ቁስላቸው እስኪደርቅ 5 ቀን ውሃ አታገኝም። ስንጥሯን አጠገቧ ሰክቼላታለሁ።