ጎማው ላይ «13» የሚል አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር

ግንቦት 2014 ላይ ነው፤ መርካቶ፣ ጎማ ተራ። ሻጩ የጎማውን ጎን በጨርቅ ጠረግ አደረገና በሞላላ ክብ የተከበበ ቁጥር አሳየኝ፤ 4213። «ይኸው መምህር፣ የ13 ነው፤ ገና ትኩስ!» አለኝ። የ13 ከሆነ የአምና ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጥቁረቱ ያብለጨልጫል፣ ጥርሱ አልተነካም፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚቀርበት ጸጉር የመሰለ የላስቲክ ክር እንኳ አልረገፈም። አራቱንም ገዛሁ። ከዕቁብ የደረሰኝ ብር እዚያው አለቀ።

ሐምሌ ላይ እናቴን ልጠይቅ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ከኋላ ግማሽ ኩንታል ገብስና ለእማዬ የተገዛ ብርድ ልብስ አለ። የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፍን ጉሙ ዋጠን። ካፊያ ነው፣ ፍጥነቴ ከ40 አይበልጥም፣ ማርሹም ከባድ ነው። አንዱ ኩርባ ላይ መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፤ ኮሮላዋ ግን እንዳልሰማ ሰው ቀጥ ብላ ሄደች። ፍሬን ስይዝ ይባስ ተንሸራተተችና የቀኝ የፊት እግሯ ቦይ ውስጥ ገባ። ቦዩ በተራራው በኩል መሆኑ ነው ያተረፈን። በገደሉ በኩል ቢሆን ይህን የሚጽፍ አይኖርም ነበር።

የአካባቢው ልጆች ተረባርበው አወጡን። ከመካከላቸው አንዱ ጎማውን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና «ጋሼ፣ ይሄማ እንደ ቀንድ ደርቋል» አለኝ። ጥርሱን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ሙሉ ነው። በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን አይሰረጉድም። በጥርሶቹ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ደግሞ ከክር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩ።

ቤት ስመለስ ስለ ቁጥሩ አነበብኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ዓመቱ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው! 4213 ማለት የ2013 እ.ኤ.አ. 42ኛ ሳምንት፣ በእኛ ጥቅምት 2006 ነው። ትኩስ ብዬ የገዛሁት ጎማ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ነበር። ላስቲክ ደግሞ ቆሞም ያረጃል፤ ሙቀቱና አየሩ ያደርቁታል። ሻጩ አውቆ ነው ወይስ እንደኔ ተሳስቶ? እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። እኔ ግን የፊዚክስ መምህር ሆኜ ቁጥር ሳየው በየትኛው መለኪያ እንደሆነ አለመጠየቄ ነው ያናደደኝ። ተማሪ ያለ አሃድ መልስ ሲሰጠኝ ማርክ እቀንሳለሁ።

ከዚያ በኋላ በዕውር ድንብር መግዛት ቀረ። ደብተር አወጣሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ምን ዓይነት ጎማ ያስፈልገኛል የሚለውን ነው። ሻጮች «ኦል ሲዝን» ሲሉ፣ ለሁሉም ወቅት የሚሆን ማለታቸው ነው። ቱሪንግ የሚባለው ደግሞ ለቤት መኪና የተሠራ፣ ድምፁ የማይረብሽ፣ ጉድጓድ የሚያለዝብ፣ ቶሎ የማያልቅ ጎማ ነው፤ እንደ ስፖርት ጎማ ኩርባ ላይ በፍጥነት ለመታጠፍ፣ ወይም እንደ ፒክአፕ ጎማ ጭቃ ለመቧጠጥ የታሰበ አይደለም። ግን «ሁሉም ወቅት» የማን ወቅት ነው? ይህን ስም ያወጡት በረዶ የሚጥልባቸው አገሮች ናቸው። የእነሱ ወቅት በወር ይቀያየራል፤ የኛ በከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ንጋት ላይ መስታወቱን የሸፈነውን ውርጭ በካርድ እየፋቅሁ ነው የምነሳው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ነች፤ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ እማዬ ደጃፍ ስደርስ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም።

የበጋ ጎማ የሚባለው ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ይሄዳል፤ የኛ ንጋት ደግሞ ከዚያ በታች ነው። የክረምት ጎማ የሚሉት ለስላሳው በብርድ ጥሩ ይይዛል፣ በሙቀት ግን እንደ ቆላ ቅቤ ይሆናል። ይህን ያየሁት በባልደረባዬ ያሪስ ነው። መኪናዋ ከአውሮፓ ስትመጣ የጫነችው ጎማ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ምልክት ነበረበት። በውርጭ ጠዋት እንደሷ የሚቆም አልነበረም። ሮቢትና አዋሽ ሲመላለስባት ግን ዓመት ሳይሞላ የጥርሱ ግማሽ አለቀ። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ መካከለኛው፣ ኦል ሲዝኑ፣ በእርግጥ ቦታው ነው። በረዶ ስለሌለን የተራራው ምልክት አያሳስበኝም። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ጭቃና በረዶ ማለት ቢሆንም ፋብሪካው በጥርሱ ቅርጽ ብቻ የሚጽፈው ነው፤ ምንም ፈተና ማለፉን አያሳይም። ሻጭ እሱን እየጠቆመ ዋጋ ሲጨምርብኝ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።

ነሐሴ ላይ ከብድርና ቁጠባ ማኅበራችን ተበድሬ እንደገና ጎማ ተራ ወረድኩ፤ በዚህ ጊዜ ደብተሬን ይዤ። የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው 195/65 አር 15፣ 91 ኤች ይላል። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ ኤች ማለት እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። አንዱ ሻጭ ጠበብ ያለውን 185/65 አቀረበልኝ፤ «ቸርኬው ይቀበለዋል፣ ብርም ትቆጥባለህ» አለኝ። ቸርኬው ይቀበለዋል፣ እውነቱን ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈው ግን 88 ነበር፤ 560 ኪሎ። በአራት ጎማ 220 ኪሎ ይጎድላል። በዓመት በዓል ሰሞን በግና አምስት ሰው ጭኜ ጣርማ በርን ለምወጣ ሰው 220 ኪሎ ቀልድ አይደለም።

አሜሪካ የሚሸጡት ጎማዎች ላይ ሌላ ሦስት ነገር ይጻፋል፤ እዚህም ብዙዎቹ ላይ ይገኛል። ትሬድዌር ጥርሱ እስኪያልቅ የሚቆይበት ዕድሜ ነው፤ 100 መነሻው ሆኖ 400 የተባለው በመፈተኛው መንገድ ላይ አራት እጥፍ ይቆያል እንደማለት። ግን ቁጥሩን የሚሰጠው ፋብሪካው ራሱ ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ 500 ከሌላው 440 ጋር በቀጥታ አላወዳድርም። ትራክሽን ከኤኤ እስከ ሲ ይሄዳል፤ የሚለካው እርጥብ አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው። የእኔ ችግር የተፈጠረው ደግሞ ኩርባ ላይ! ቴምፕሬቸር ሙቀት የመቻል ደረጃ ነው፣ ኤ ከሁሉ ይሻላል። የመረጥኩት 440፣ ኤ፣ ኤ የሚል ነበር፤ ቀኑ 1122፣ ማለትም መጋቢት 2014። ከአጠገቡ 600 የሚል ረዥም ዕድሜ ያለው ጎማ ነበር፤ ትራክሽኑ ቢ ስለሆነ ተውኩት። ለአዲስ አበባ ታክሲ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እሱን እወስድ ነበር።

ከመቀየሬ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰው የማያልፍበት ቀጥ ያለ አስፋልት አለ። ዝናብ ካባራ በኋላ በ50 እየመጣሁ አንድ ድንጋይ ጋ ስደርስ ፍሬን እይዛለሁ፤ ከዚያ ወርጄ እስከ ድንጋዩ በእርምጃ እቆጥራለሁ። አራት ጊዜ ሞከርኩት፤ አሮጌዎቹ ከ30 እስከ 32 እርምጃ ወሰዱ። አዲሶቹን ጭኜ በሳምንቱ ስመለስ 24፣ 23፣ 24፣ 23። ይህ ቤተ ሙከራ አይደለም። የሁለቱ ቀን ዝናብ እኩል አልነበረም። ቢሆንም ሰባት እርምጃ ማለት አንድ መኪና ሙሉ ርዝመት ነው፤ ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

የንፋሱ ነገር ሁለተኛው ውርደቴ ነው። ኅዳር ላይ ጠዋት በብርዱ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አስሞልቼ ወረድኩ። ሮቢት ስደርስ አንዱ ጎሚስታ ለካልኝና «መምህር፣ 37 ሆኗል፤ በዚህ ሙቀት ይፈነዳብሃል» ብሎ 32 ላይ አወረደው። አመስግኜ ሻይ ጋበዝኩት። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ጠዋት ስለካው 27!

ጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስተምረው ነገር ነው እኮ። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ በዚያ መጠን በየ10 ዲግሪው 1.5 ገደማ። መለኪያው ደግሞ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሮቢት ሲወረድ የውጭው አየር በ2 ያህል ስለሚከብድ ንባቡ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ማለትም የታየው 37 ሙቀቱ ያመጣው ጭማሪ ከፍታው የወሰደው ተቀንሶለት ነው። በር ላይ የተጻፈው ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ ነው፤ የሞቀን ጎማ አስተንፍሶ ወደዚያ ማውረድ ማደኽየት ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ የበለጠ ይሞቃል፤ ጎሚስታው የፈራው መፈንዳት የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። አሁን የምለካው ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሳ፣ በራሴ መለኪያ ብቻ ነው።

የጥርሱን ጥልቀት የምለካው በክብሪት እንጨት ነው። እንጨቱን ቦዩ ውስጥ አቁሜ በጥፍሬ ምልክት አደርግና ማስመሪያ ላይ አስተኛዋለሁ፤ ከውጭ፣ ከመሃል፣ ከውስጥ፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር። አዲስ ሲሆን 8 ሚሊ ሜትር ነበር። በመጀመሪያው ዘይት ቅየራ የቀኝ የፊቱ ከውስጥ በኩል ከሌሎቹ በ1 ሚሊ ሜትር አንሶ አገኘሁት። «የማይረባ ጎማ ሸጡልኝ» ብዬ አማርሬ ነበር። ጎማው ምን ያድርግ! ያቺ የሐምሌዋ ቦይ እግሩን አጣማዋለች፤ አላይመንት ሳላስደርግ ነው አዲስ ጎማ የጫንኩባት። ካስተካከልኩ በኋላ ልዩነቱ ቆመ። የፊቶቹ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ስለሚሸከሙ ቶሎ ያልቃሉ፤ በ10,000 ኪሎ ሜትር የፊቱን ከኋላው አዛውራለሁ። ቦዩ ውስጥ ያለችው የማለቂያ ጉብታ 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ነች፤ እሷ እስክትወጣ መጠበቅ ግን ለጣርማ በር ሐምሌ አይሆንም። ውኃውን የሚያስወጣው ቦዩ ስለሆነ 3 ሚሊ ሜትር ላይ እጥላለሁ። በ38,000 ኪሎ ሜትር 4.5 ላይ ነበሩ።

አምና አንዱ ጎኑን ስለታም ድንጋይ ቀደደው። ጎን አይለጠፍም፤ ሁለት አዲስ ገዛሁ። ጎሚስታው አዲሶቹን ከፊት ሊያስር ክሪኩን አስገባ። «ከኋላ እሰርልኝ» አልኩት። «መምህር፣ የሚጎትተው ፊት፣ የሚያዞረው ፊት፣ ፍሬኑ ፊት! ለኋላማ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳቀብኝ። ፊቱ ሲንሸራተት ነዳጅ ስትለቅ ይመለሳል፤ ኋላው ሲያመልጥ ግን መኪናዋ ትዞራለች፣ ለመመለስ ጊዜም አትሰጥህም አልኩት። አላመነኝም፤ ግን ከኋላ አሰረልኝ። እንዲያውም ሲጨርስ ለረዳቱ «የመምህሩን ፊዚክስ በደንብ አጥብቀው» አለው።

እነዚያ የ4213 ጎማዎች ለረዥም ጊዜ ግቢዬ ተደርድረው ቆዩ። በረባሶ ሠሪ ጠርቼ ነበር፤ ቆረጥ አድርጎ አየና ሽቦ አለው ብሎ ትቷቸው ሄደ። በቀደም አንድ ጎረቤት በሩ ክፍት ሆኖ አያቸውና ልግዛህ አለኝ። ያረጁ ናቸው፣ ለመኪና አይሆኑም ብዬ ቁጥሩን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አቧራውን በእጁ ጠረገና አነበበ።

«የ13 አይደለም እንዴ?» አለኝ። «እንዴት ያረጃል?»