ከጥቁር ውሃ እስከ ሰንቀሌ ዱካ ፍለጋ

ሐዋሳ ላይ የዱር እንስሳት ዱካ ማየት የሚሻ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር መገኘት አለበት። ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለች ትንሹ ስርጉድ እንኳ ጥላ ይይዛል፤ ዱካውን በራስና በፀሐይዋ መካከል አድርጎ ማየት ነው። ያረፈደ ሰው የሚያገኘው ከብትና ዓሣ አጥማጅ ያቦካውን ጭቃ ብቻ ነው። የባጃጁ ሾፌር ችኮላዬን አይቶ 200 ብር አስከፈለኝ፤ ስመለስ ለዚያው መንገድ 80 ብር በቃ። አናዶኛል፤ ብርሃኑ ግን አይጠብቅም።

የጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አካባቢ መጀመሪያ የሚታየው የጉማሬው ኮቴ ሳይሆን መንገዱ ነው። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ሲወጣ በአንድ መስመር ስለሚመላለስና ግራና ቀኝ እግሩ ስለሚራራቅ ሁለት ትይዩ ቦይ ያበጃል፤ መሐሉ ላይ ሣሩ ቆሞ ይቀራል። የከብት መንገድ አንድ ቦይ ነው። ዱካው አራት ጣት አለው፣ አራቱም መሬት ይነካሉ፣ ስፋቱም ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። እበቱን በጅራቱ እየበተነ ቁጥቋጦ ላይ ስለሚረጨው እንደ ከብት እበት ተከምሮ አይገኝም።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ትተው መጡና «ልጄ፣ ከመንገዱ ወዲህ ሁን» ብለው ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ አሳዩኝ። ጣቶቹ ወደ የብስ ዞረው፣ ጠርዙ ገና እርጥብ ሆኖ ቢያብረቀርቅና የመመለሻ ዱካ ባይኖር ጉማሬው አልገባም ማለት ነው። ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃው ስለሆነ በእሱና በሐይቁ መካከል መቆም ሞትን መጥራት ነው። ምክሩን በነፃ ሰጥተውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እግዜር ይስጣቸው።

እዚያው ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ላይ ጦጣና ጉሬዛ አብረው ስላሉ የእጃቸውን ዱካ ማነጻጸር ይቻላል። ጦጣ አውራ ጣት አላት፤ ጉሬዛ ግን አውራ ጣቱ ጉጥ ብቻ ስለሆነ አራት ረጃጅም ጣት ብቻ ያትማል። ወፎቹም እንዲሁ ይለያሉ፦ የፔሊካን ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ናቸው፣ የአባ ኮዳ ግን አይደሉም።

ሌሊቱን ከማደሪያዬ ጎን ያለው ሙዚቃ እንቅልፍ ነሣኝ። በማግስቱ በሻሸመኔና በአጄ በኩል የዱር እንስሳት መጠለያ ወደሆነው ሰንቀሌ ገባሁ።

ሰንቀሌ የታወቀው በቆርኬ ነው፤ ይህ የቆርኬ ዝርያ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ከብትም ስለሚገባበት ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የቆርኬ ኮቴ ጠበብ ያለና ጫፉ ሾጣጣ ነው፣ የላም ሰፊና ክብ ነው። የጥጃ ዱካ በመጠን ቢመሳሰልም ክብነቱ ያጋልጠዋል። ወንዱ ኩይሳ ላይ ቆሞ አካባቢውን ስለሚቃኝ እዚያ ዙሪያ በጠጥ ተከማችቶ፣ መሬቱም በቀንድ ተቧጥጦ ይገኛል። አጠገቡ በጥፍር የተማሰ ትልቅ ጉድጓድ ካለ ምስጥ እየማሰ የሚበላው የአዋልዲጌሳ ሥራ ነው። ከጉድጓዱ ፊት ለፊት አትቁሙ፤ አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ከርከሮ በኋላው ገብቶ ያድራል፣ ሲወጣም በጥርሱ ቀድሞ ነው። የጉድጓዱ አፍ ላይ ያልተበጠሰ የሸረሪት ድር ካለ ሰሞኑን ያለፈበት የለም።

የጅብና የውሻ ዱካ ሁለቱም ጥፍር ያሳያሉ። የጅብ የፊት እግር ከኋላው በግልጽ ይበልጣል፣ የመዳፉ የኋላ ጠርዝም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ የውሻ ግን ግራና ቀኙ እኩል ነው። የጅብ እዳሪ ሲደርቅ የሚነጣው ከበላው አጥንት የተነሣ ነው። የነብር ዱካ ጥፍር የለውም፣ መዳፉም ከኋላ በሦስት ይከፈላል። እኔ የምኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉም ኮብልስቶን ስለሆነ ጅቡ ሌሊት ይጮሃል እንጂ ዱካው አይገኝም፤ አፈር ያለው ሰው እንዴት የታደለ ነው!

ዱካውን ማስቀረት ለሚፈልግ ጀሶ ይበቃል። ከሃይላንድ ጠርሙስ የተቆረጠ ቀለበት በዱካው ዙሪያ ይተከላል፤ ሁለት እጅ ጀሶ በአንድ እጅ ውሃ ይበጠበጣል። ከላይ ከፈሰሰ አፈሩን ስለሚያፈርሰው ከጎን በቀስታ ይለቀቃል። ከቀጠነ ይሰነጠቃል። ደረቅ መሬት ላይ ግማሽ ሰዓት፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠበቃል፤ ከዚያ ከነአፈሩ ይነሣል፣ የሚቦረሸውም በማግስቱ ነው። ለመንገድ በጋዜጣ ጠቅልሉት፤ ፌስታል እርጥበቱን አምቆ ያፈራርሰዋል።