የጽሕፈት ቤቴን የኮምፒውተር ሜኑ በአማርኛ እንዴት እንደሠራሁት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። አራት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ ስካነር። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ውል እንጽፋለን፣ ሲቪ እናዘጋጃለን፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እናትማለን። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ናቸው። ሁለቱ ያላቸው ራም 2 ጊጋ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 7 በነበሩበት ጊዜ ከደንበኛ ፍላሽ የሚገባው ቫይረስ እረፍት ነሥቶኝ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ እስኪነሡ ድረስ ደንበኛው ወደ ሌላ ቤት ይሄድብኛል። በመጨረሻ ሁሉንም ዴቢያን ወደሚባለው የሊኑክስ ሲስተም አዞርኳቸውና ኦፕንቦክስ ጫንኩባቸው።

ኦፕንቦክስ ዊንዶው ማናጀር ነው። መስኮት ይከፍታል፣ ያንቀሳቅሳል፣ ይዘጋል። ከታች የተዘረጋ ባር የለውም፣ አይኮንም አይደረድርም። ባዶው ስክሪን ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ሜኑ ይወጣል፣ በቃ። ቀላል የሆነውም ለዚህ ነው። አሮጌ ማሽን ላይ ሲሠራ አይታችሁት ከሆነ ለምን እንደወደድኩት ይገባችኋል።

ችግሩ ሜኑው ራሱን በራሱ አይሞላም። ኦፕንቦክስ ሜኑውን የሚያነበው ኤክስ ኤም ኤል በሚባል አጻጻፍ ከተጻፈ አንድ ፋይል ነው። እዚያ ላይ ያልተጻፈ ፕሮግራም፣ ቢጫንም ለጸሐፊዎቼ እንደሌለ ነው። መጀመሪያ በእጄ ጻፍኩት። አራት ማሽን ላይ አንድ ፕሮግራም በጨመርኩ ቁጥር አራት ፋይል መክፈት ሆነ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ማሽን ላይ ያለው ሌላው ላይ የለም።

ከዚያ ሜኑሜከር የሚባለውን ሞከርኩ። ማሽኑን ፈትሾ ሜኑ ያወጣል። ግን የሚፈትሸው አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ፕሮግራሞች ነው፤ የራሱ መዝገብ አለው። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ፕሮግራም አይታየውም። እኔ ለስካነሩ የጻፍኳትን ትንሽ ስክሪፕት (ትእዛዞችን በተራ የምታስኬድ የጽሑፍ ፋይል) ከየት ያውቃታል? የማንፈልገውን ሁሉ ግን ደርድሮ አመጣ። ጸሐፊዬ ሜኑውን ከፍታ ትንሽ አየችና «ጋሼ፣ አትሪል ምንድን ነው?» አለችኝ። ፒዲኤፍ ማንበቢያ ነው። ስሙ ግን ምንም አይነግራትም። ያን ቀን ነው ነገሩን ከሥሩ ልየው ያልኩት።

ከሥሩ ያለው የዴስክቶፕ ፋይል ነው። አንድ ፕሮግራም ሲጫን ብዙውን ጊዜ አብራው የምትመጣ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለች። በሲስተሙ ውስጥ አፕሊኬሽንስ በሚባለው ፎልደር ትቀመጣለች። በጽሑፍ ማረሚያ ብትከፍቷት ከመታወቂያ ካርድ ብዙ አትለይም፦ ስም፣ የሚያስነሣው ትእዛዝ፣ አይኮን፣ የሚመደብበት ክፍል። ስሙ ደግሞ በብዙ ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል፤ ከስሙ አጠገብ በቅንፍ የቋንቋው ምልክት ይገባል። ለአማርኛ «ኤ ኤም» ነው። አሠራሩን ያወጣው ፍሪዴስክቶፕ የሚባለው ፕሮጀክት ሲሆን፣ ኖም፣ ኬዲኢና ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉት የሊኑክስ ዴስክቶፖችም የሚያነቡት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ፋይሎቹን አንብቦ የኦፕንቦክስን ሜኑ የሚጽፍ ስክሪፕት ይበቃኝ ነበር።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጀመርኩ። የዴስክቶፕ ፋይል በቅርጹ እንደ ተራ የማዋቀሪያ ፋይል ስለሆነ፣ ፓይተን ራሱ ይዞት በሚመጣው አንባቢ አነበብኩት። ወዲያው ስሕተት አሳይቶ ቆመ። አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። ምክንያቱ የፐርሰንት ምልክት ነበር። የዴስክቶፕ ፋይል የትእዛዝ መስመር መጨረሻ ላይ የፐርሰንት ምልክትና አንድ ፊደል ይኖራል፤ «የሚከፈተው ፋይል እዚህ ይግባ» ለማለት ነው። የፓይተኑ አንባቢ ግን ፐርሰንትን የሚያየው በሌላ ትርጉም ነው፤ የሌላ መስመር ዋጋ ሊተካበት ይሞክራል። መተካቱን በአንድ ቃል ስታጠፉት ይስተካከላል። ይህን ሥራ የምትጀምሩ ካላችሁ ከመጀመሪያው አጥፉት።

ሜኑው ወጣ። ጸሐፊዋ ሊብሬኦፊስን ነካችው። ተነሣ፣ ግን አብሮ አንድ መልእክት መጣ፤ የፐርሰንት ምልክትና «ዩ» የሚባል ፋይል የለም ይላል። ምልክቱን ሳላወጣው ከነትእዛዙ ወደ ሜኑው ገልብጬው ኖሯል። ፕሮግራሙም ያንን እንደ ፋይል ስም ቆጥሮ ፈለገው። እነዚያን ምልክቶች ማውጣት ግዴታ ነው። በቴርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ፋይላቸው ላይ «ቴርሚናል እውነት» ተብሎ ተጽፏል። እነሱን ቴርሚናል ከፍቶ ካላስነሣችኋቸው፣ ቢነኩም ምንም አይታይም።

ከሁሉም ያሳፈረኝ ደግሞ ይሄ ነው። አንዷን ፋይል ራሴ ስጽፋት «ስካን & ኮፒ» ብዬ ሰየምኳት። በማግስቱ ጠዋት ማሽኖቹ ሲከፈቱ የሠራሁት ሜኑ የለም። ውጭ ሰው ተሰልፏል። ኤክስ ኤም ኤል ውስጥ ያ ምልክት የራሱ ሥራ ስላለው እንዳለ አይጻፍም፤ ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ያበላሸዋል። አሁን ስክሪፕቱ ምልክቶቹን ይለውጣል። ሜኑውን መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ መልሶ አንብቦ ትክክል ከሆነ ብቻ የድሮውን ይተካል። ካልሆነ የትናንቱ ሜኑ ይቆያል። ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ የትናንቱ ሜኑ ትልቅ ነገር ነው።

ሜኑው መቼ ይታደስ የሚለውም ቀላል አልነበረም። ኦፕንቦክስ ፓይፕ ሜኑ የሚባል አለው፤ ሜኑው በተከፈተ ቁጥር ስክሪፕቱ ይሮጥና የዚያኑ ሰዓት ዝርዝር ያወጣል። ሲሰሙት ያጓጓል። ግን ስክሪፕቱ እስኪጨርስ ኦፕንቦክስ ቆሞ ይጠብቃል። የኔ ማሽኖች ሃርድ ዲስካቸው አሮጌ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ የመጀመሪያዋ ቀኝ ክሊክ ስክሪኑን ታደርቀዋለች። ልጆቹ ተበላሸ ብለው ደጋግመው ሲነኩ ይብሳል። ተውኩት።

ቀጥሎ ፕሮግራም በተጫነ ቁጥር የዴቢያን ፕሮግራም መጫኛ የሆነው አፕት ራሱ ስክሪፕቱን እንዲያስኬድ አደረግሁ። አስኬደው፣ ግን በዋናው አስተዳዳሪ ስም ነበርና ሜኑው የተሠራው በአስተዳዳሪው ፎልደር ውስጥ ሆነ። የልጆቹ ሜኑ አልተነካም። አሁን ስክሪፕቱ ኦፕንቦክስ ሲነሣ ከበስተኋላ አንዴ ይሮጣል፣ ሲጨርስ ኦፕንቦክስን «ማዋቀሪያህን ድጋሚ አንብብ» ይለዋል። ሜኑው ግርጌ ላይም «ሜኑ አድስ» የምትል መስመር አስገባሁ። እስካሁን ከዚህ በላይ አላስፈለገም።

የአማርኛው ስም ላይ ግን ብዙ ተማርኩ። አንዳንድ ፕሮግራም የአማርኛ ስም ይዞ ይመጣል፣ ብዙው የለውም። ስለዚህ ሲስተሙ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች እየከፈትኩ በአማርኛ ሰየምኳቸው። ኖቶ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንትን ጫንኩ፤ እሱ ሳይኖር ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚወጣው። ሜኑው ሲከፈት ደስ አለኝ። አንድ ክረምት ጠዋት፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ከተማው ገና ሳይሞቅ፣ ጸሐፊዋ ደወለች። «ጋሼ፣ ሜኑው እንግሊዝኛ ሆነ።» «አብሽሪ፣ መጣሁ» አልኳት። ማታ አፕዴት አድርጌ ነበር። አፕዴቱ የፕሮግራሞቹን ፋይሎች በአዲስ ተክቶ የጻፍኩትን ሁሉ አጥፍቶታል።

የሲስተሙን ፋይል በፍጹም አትንኩ። ፋይሏን ወደ ተጠቃሚው ፎልደር፣ ሎካል ሼር ውስጥ ወዳለው አፕሊኬሽንስ ቅዱ። ስሟ አንድ ዓይነት ከሆነ የተጠቃሚው ትበልጣለች። አፕዴትም አይነካትም። እንዲታይ የማትፈልጉትንም እዚያው «አይታይ» ብላችሁ ትጽፉበታላችሁ። ስክሪፕቱም መጀመሪያ ይህን ፎልደር ማንበብ አለበት፤ እዚህ ያገኘውን ስም ከሲስተሙ ደግሞ አይወስድም።

ስሞቹን ስንሰይም ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን ነው። እኔ «ሰነድ ማንበቢያ» ስል እነሱ «ፒዲኤፍ ማንበቢያ» አሉ። ደንበኛው «ፒዲኤፍ አድርጊልኝ» ነውና የሚላቸው፣ እነሱ ትክክል ነበሩ። «ማመልከቻና ደብዳቤ»፣ «ስካን»፣ «ጉርድ ፎቶ»፣ «ፍላሽ ክፈት»። ክፍሎቹንም ለወጥናቸው። ከፋብሪካ የሚመጡት ክፍሎች ቢሮ፣ ግራፊክስ፣ ኔትወርክ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ፕሮግራም ሁለት ክፍል ውስጥ ተጽፎ ሁለት ቦታ ይወጣል። በኤክስና በሰረዝ የሚጀምር የራስ ክፍል ማውጣት ስለሚፈቀድ በኛ ሥራ መደብናቸው፦ መጻፊያ፣ ስካንና ሕትመት፣ ፎቶ፣ ኢንተርኔት።

ቅደም ተከተሉን በፊደል አድርጌው ነበር። ኮምፒውተሩ ሀ ለ ሐ መ ብሎ በትክክል ይደረድራል። ግን «ሥዕል» በንጉሡ ሠ፣ «ስካን» በእሳቱ ሰ ስለሆኑ ተራራቁ። ልጆቹ ሁለቱን አንድ ቦታ ነው የሚፈልጓቸው። ስለዚህ ፊደሉን ትቼ ብዙ የምንጠቀምበትን ከላይ አደረግሁ።

ባለፈው ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ የሱም ማሽኖች እንዲህ እንዲሆኑለት ጠየቀኝ። ስክሪፕቱንና የአማርኛ ስሞቹን የያዘውን ፎልደር በፍላሽ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ስደርስ እሱ የሚጠቀመው ኦፕንቦክስን ሳይሆን አይስ ደብሊው ኤም የሚባለውን ሌላ ዊንዶው ማናጀር ነው። ሜኑ አጻጻፉ ሌላ ነው፤ ስክሪፕቴ እዚያ ምንም አያደርግም። ግን አይስ ደብሊው ኤም የዴስክቶፕ ፋይሎችን አንብቦ ሜኑ የሚያወጣ የራሱ መሣሪያ አለው። ፎልደሩን ብቻ ገለበጥኩለት፣ ፎንቱን ጫንኩ፣ የሲስተሙን ቋንቋ አማርኛ አደረግሁ። እኛ ያወጣናቸውን ክፍሎች ስለማያውቃቸው ፕሮግራሞቹን «ሌሎች» የሚል ዓይነት ክፍል ውስጥ ከተታቸው፤ ከመደበኛዎቹ ክፍሎች አንዱን ጨመርኩባቸውና ወደየቦታቸው ገቡ። ከምሳ በፊት አለቀ። ስክሪፕቷን ከፍላሹ ሳላወጣት ነው ወደ ደሴ የተመለስኩት።

ሲመሽ ደወልኩለት። ሠራተኛው «ጉርድ ፎቶ»ን ሳይጠይቀው ራሱ አግኝቶ ሲሠራ ዋለ።