ስልክ ቁጥር የማይጠይቅ መግቢያ እንዴት ሠራሁ

ሥራው የመጣልኝ ከበጎ ፈቃደኞች ነው። ጠበቆች፣ ነርሶችና ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች ተሰባስበው አንድ ገጽ ፈለጉ። በሊባኖስና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ያሉ ልጆቻችን ጥያቄ የሚልኩበት ገጽ። ደሞዝ የተከለከለች ትጽፋለች። ፓስፖርቷን የተነጠቀች፣ ኮንትራቷ ያለቀ፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ያልታደሰላት ትጽፋለች። የሚያውቅ ሰው ይመልስላታል። ከእኔ የተፈለገው የመግቢያው ክፍል ነበር። ሐሳባቸውም የተለመደው ነው፤ ስልክ ቁጥሯን ታስገባለች፣ ኮድ በኤስኤምኤስ ይላክላታል፣ ትገባለች።

እኔ ስልክ ቁጥር አንጠይቅ አልኩ። ክርክሩ ረዥም ነበር።

አገራችን ውስጥ ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ነው። ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ ቴሌግራሙም የሚከፈተው በዚያው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው ስሟ ላይ ለመድረስ ብዙ አይደክምም። ውጭ አገር ሲሆን ደግሞ ሲሙ በአሠሪዋ ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። ወደ አገር ቤት ቤተሰቧን ስታገኝበት የነበረው የድሮ ቁጥሯም ለረዥም ጊዜ ካልሠራ ተመልሶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ያኔ ኮዱ የሚደርሰው ለማታውቀው ሰው ነው። ኤስኤምኤስ ራሱም ሊጠለፍ ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሌቦች ኤስኤስ7 በሚባለው የቴሌኮሞች መገናኛ ሥርዓት በኩል የባንክ ደንበኞችን ኮድ ወደ ራሳቸው አዙረው ገንዘብ አውጥተዋል።

ይህን ሁሉ ስብሰባው ላይ ዘርዝሬአለሁ። ክርክሩን የቋጨችው ግን ከቤሩት የተመለሰች አንዲት እህት ናት። «ወንድሜ፣ እኔ ስልኬን የማገኘው ማታ ነበር። ቀን ማዳም ጋ ነው የሚውለው። ኮዱ ስክሪኑ ላይ ብቅ ካለ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት፤ እኔ ምን ብዬ ልመልስላት?» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ኤስኤምኤስ ያነሳ የለም።

ታዲያ በምን ትግባ? አንዱ በፋይዳ ይሁን አለ። ፋይዳን አልቃወምም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ያለው ብሔራዊ መታወቂያ ነው፤ ባንክ ሄደህ «እኔ እገሌ ነኝ» ለማለት ጥሩ ነው። የኛ ገጽ ግን ማን እንደሆነች ማወቅ አያስፈልገውም። ማወቅ ያለበት ትናንት የጻፈችው ልጅና ዛሬ የገባችው ልጅ አንድ መሆናቸውን ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። መግቢያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የትኛውን እንደሚጠይቅ ቢለይ ኖሮ፣ ያለ ምክንያት የተሰበሰበ ስንት ስምና ቁጥር በየሰርቨሩ ባልተቀመጠ ነበር።

በጉግል መግባትም ተነስቶ ነበር። እሱ ደግሞ ኢሜይል ይጠይቃል። ከእህቶቹ መካከል ኢሜይላቸውን ደላላ ወይም ኤጀንሲ የከፈተላቸው አሉ፤ ይለፍ ቃሉም እነሱ ጋ ነው። በዚያ ላይ ልጅቷ የኛን ገጽ መጠቀሟን ጉግል ያውቃል። ፓስኪን፣ በይለፍ ቃል ፈንታ በስልኩ መክፈቻ የሚያስገባውን ቁልፍ ማለቴ ነው፣ በደንብ አጠናሁት። በአሠራሩ የሚያስደስት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለየ ቁልፍ ይፈጥራል፣ ምስጢራዊው ቁልፍ ወደ ድረ ገጹ አይላክም፣ ሁለት ድረ ገጾች ተመካክረው አንድ ሰው መሆኗን ከቁልፉ ሊያውቁ አይችሉም። ለራሴ ሥራ የምጠቀመው እሱን ነው። ችግሩ የሚቀመጠው ስልኩ ውስጥ ወይም ከስልኩ ጋር በተያያዘው የጉግል ወይም የአፕል አካውንት ውስጥ መሆኑ ነው። ስልኩ የተወሰደባት ልጅ ከጓደኛዋ ስልክ መግባት አለባት። የስልኩን መክፈቻ የምታውቅ ማዳም ደግሞ በፓስኪው ልትገባ ትችላለች።

መንገዱን ያሳየኝ ሴኪውርድሮፕ ነው። አሮን ስዋርትዝና ኬቪን ፖልሰን የጀመሩት፣ ምስጢር ያለው ሰው ለጋዜጠኞች ሰነድ የሚልክበት ሥርዓት ነው። እዚያ ስምም ኢሜይልም አይጠየቅም። ኮምፒውተሩ ራሱ ሰባት ቃላት በዕጣ አውጥቶ ይሰጥሃል፤ ተመልሰህ ስትመጣ ቃላቱን ታስገባለህ። በቃ። ይህንኑ በአማርኛ ለመሥራት ወሰንን።

ከሥራው ሁሉ የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። 2048 የአማርኛ ቃላት መረጥን። ከነሱ ስድስቱ በዕጣ ይወጣሉ። የሚቻለው ጥምረት ከ70 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ይበልጣል፤ በግምት የሚገኝ አይደለም። ቃላቱን ልጅቷ ራሷ እንድትመርጥ አላደረግንም። ሰው ሲመርጥ ማርያም ይላል፣ የልጁን ስም ይላል፣ የተወለደበትን ዓመት ይጨምራል። የሚያውቃት ሰው በቀላሉ ይደርስበታል።

ዝርዝሩን ስናጣራ ሃይማኖትንና ብሔርን የሚነኩ ቃላትን አወጣን። ልብ የሚሰብሩ ቃላትንም እንዲሁ፤ የተከፋች ልጅ ስትገባ «ሬሳ» የሚል ቃል እንዲደርሳት አልፈለግንም። የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አማርኛ ያልሆነች ልጅም እንድታውቃቸው የቤትና የገበያ ቃላት አበዛን፤ ሽንኩርት፣ መስኮት፣ ማንኪያ፣ ዝናብ። ይህ ሌላ ጥቅም አመጣ። ቃላቱን ከአስቤዛ ዝርዝር ጋር ቀላቅላ ወረቀት ላይ ብትጽፋቸው ማንም አይጠረጥርም። ይህንን ዘዴ የነገረችን ያቺው የቤሩቷ እህት ናት።

ከዚያ የፊደላችን ጣጣ መጣ። ፀሐይን አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጽፋል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ የገባው ቃል ከመነጻጸሩ በፊት ሠ ወደ ሰ፣ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ እንዲለወጥ አደረግሁ። ሃና ሀ፣ ዓና አም እንዲሁ። ከዚህ ለውጥ በኋላ አንድ ዓይነት የሚሆኑ ሁለት ቃላት ዝርዝሩ ውስጥ እንዳይገኙ በፕሮግራም ፈተሽኩ። የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ስልክም አለ፤ ለዚያ ገጹ ላይ ፊደል ገበታ አስቀመጥን። ሁለት ፊደል ስትነካ ቃላቱ ይመጡላታል፣ ትመርጣለች።

ስድስቱ ቃላት እኛ ጋ እንዳሉ አይቀመጡም። አርጎን2 በሚባለው ስልት ተፈጭተው ውጤቱ ብቻ ይቀመጣል፤ ከውጤቱ ተነስቶ ቃላቱን ማግኘት አይቻልም። የተጠቃሚ ስም ስለሌለ ግን አንድ ጥያቄ ይነሳል። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ጨው (ከመፈጨቱ በፊት ቃሉ ላይ የሚጨመር በዕጣ የወጣ ቁጥር) ካደረግህ የትኛው መዝገብ የማን እንደሆነ ለማግኘት ሁሉንም ማዳረስ ሊኖርብህ ነው። እኔ ለገጹ ሁሉ አንድ ጨው አድርጌ ከዳታቤዙ ውጭ አስቀመጥኩት። ይህ ሰዎች ራሳቸው በሚመርጡት ይለፍ ቃል ላይ አደገኛ ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ሊመርጡ ይችላሉና። በዕጣ በወጡ ስድስት ቃላት ላይ ግን ያ አያሰጋም። ተመሳሳይ ነገር የምትሠሩ ካላችሁ ይህን ልዩነት አደራ አትርሱት።

ቃላቱ ቢጠፉባትስ? መልሱ ከባድ ነው፤ አካውንቱ አብሮ ይጠፋል። «ቃሉን ረሳሁ» የሚል ቁልፍ ብንጨምር በሆነ መንገድ ማንነቷን ማረጋገጥ ሊኖርብን ነው፤ ያኔ ቁጥሩም ስሙም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ አዲስ አካውንት ትከፍታለች፣ ጉዳይዋን እንደገና ትነግረናለች። ለ60 ቀን ያልተነካ መልእክት ደግሞ በራሱ ይሰረዛል።

ከመግቢያው ሌላ ሰርቨሩ ራሱ ብዙ ያወራል። ገጹን ለጎብኚዎች የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ኤንጂንክስ፣ ማንም ምንም ሳያዘው የእያንዳንዱን ጎብኚ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩን መለያ ቁጥር) ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል። ያንን ሎግ አጠፋሁት። ጎብኚ የሚቆጥሩ የውጭ መሣሪያዎችን በሙሉ አወጣሁ። የአማርኛውን ፎንት ከጉግል ከማስመጣት ይልቅ ራሳችን ሰርቨር ላይ አስቀመጥኩት። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የሙኒክ ፍርድ ቤት አንድ ድረ ገጽ የጎብኚውን አይፒ በጉግል ፎንት በኩል ስላሳለፈ 100 ዩሮ ካሣ እንዲከፍል ፈርዶበታል። ኤችቲቲፒኤስ፣ በብሮውዘሩና በገጹ መካከል ያለው ምስጠራ፣ የተጻፈውን ይሸፍናል፣ የድረ ገጹን ስም ግን የቤቱን ዋይፋይ የሚቆጣጠር ሰው ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ስሙም የገጹ ርዕስም ስለ ሠራተኛ ወይም ስለ እርዳታ ምንም አይጠቅስም። ከላይ በኩል አንድ ቁልፍ አለ፤ ሲነካ ወዲያው ወደ ምግብ አሠራር ገጽ ይወስዳል።

ፎቶም አለ። እህቶች የኮንትራታቸውን፣ አንዳንዴም የቁስላቸውን ፎቶ ይልካሉ። በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ሰዓትና የስልኩን ዓይነት፣ ሎኬሽን ከበራ ደግሞ ቦታውን ጭምር በውስጡ ይይዛል። ብሮውዘሩ ከመላኩ በፊት ምስሉን እንደገና እንዲሥለው አደረግሁ፤ ያኔ ተጨማሪው መረጃ ይቀራል። የድምፅ መልእክት ላይ ግን እስካሁን ልቤ አይረጋም። መጻፍ የማትችል እህት በድምፅ ካልሆነ በምን ትናገር? ድምፅ ደግሞ ራሱ ማንነት ነው። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ሰምታ ወደ ጽሑፍ ትገለብጠዋለች፣ ድምፁ ይጠፋል። ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ምስጢሩ በኛ በኩል ሊሾልክ ይችል ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ የሚመካከሩት በቴሌግራም ግሩፕ ነበር፤ ከገጹ ላይ ስክሪንሾት ተነሥቶ እዚያ ይለጠፋል። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ኩባንያው እንኳ እንዳያነበው ሆኖ፣ የተመሰጠረ አይደለም። ያ ዓይነቱ ምስጠራ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል በሚከፈተው ምስጢራዊ ቻት ብቻ ነው። ሲግናል በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ላይ ግን ግሩፑም እንዲሁ የተመሰጠረ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ያለ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሲግናልን የሠሩትን ሰዎች የአንድ ተጠቃሚ መረጃ ስጡ ሲላቸው፣ ሊሰጡ የቻሉት አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነው። ሌላውን አያስቀምጡማ! ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ቁጥርን ደብቆ በተጠቃሚ ስም መገናኘት ይቻላል። ለመመዝገብ ግን አሁንም ቁጥር ይጠይቃል፤ ለበጎ ፈቃደኞቻችን ችግር የለውም፣ ለእህቶቹ ግን አይሆንም።

በዕድሜ ትልልቆቹን በጎ ፈቃደኞች ወደ ሲግናል ማምጣት ጊዜ ወሰደ። ከሁሉ የከበደው ግን የአጻጻፍ ልማድ ነው። ስም ሳይጠራ «ቤሩት አሽረፊዬ ያለችው፣ መንታ ልጆች የምታሳድገው» ከተባለ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ያውቃታል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ላታንያ ስዊኒ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ፖስታ ቁጥር፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ብቻ 87 በመቶ የሚሆኑትን አሜሪካውያን ለይቶ ሊያሳውቅ እንደሚችል አሳይታለች። ስለዚህ ምክር ስንጠይቅ የሕግ ጥያቄውን ብቻ እንጽፋለን፤ ሰፈር፣ ዕድሜ፣ የልጆች ብዛት አይገባም።

አንድ አንጋፋ ጠበቃችን በዚህ አልተስማሙም ነበር። «የማን ጉዳይ እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ነው የምከራከረው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ጉዳይዋ ቆንስላ ወይም ፍርድ ቤት ሲደርስ እሷው ፈቅዳ ትነግርዎታለች፤ ገጹ ላይ ግን አይጻፍም» አልኳቸው። ኋላ ላይ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን፣ የግል መረጃ ጥበቃውን ማለቴ ነው፣ ለቡድኑ ያስረዱልን እሳቸው ናቸው። ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ አትሰብስቡ የሚለውን ከኔ በተሻለ አብራርተውታል።

መጨረሻ ላይ የቀረው እኛ እኛ መሆናችንን ለልጅቷ ማሳየት ነበር። ደላላም ስልክ ደውሎ «ከበጎ አድራጎት ነው» ሊል ይችላል። ይህን የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ እህቶቹ ነግረውናል። ስለዚህ አካውንት ስትከፍት ከስድስቱ ሌላ ሁለት ቃላት ይታዩዋታል። እነዚህ የኛ ናቸው። መልስ ሁሉ የሚመጣው ገጹ ውስጥ ነው፤ መደወል የግድ ሲሆን ቁጥሩን የምትሰጠው እሷ ናት፣ ሲያልቅ ይሰረዛል። የሚደውለው ሰው መጀመሪያ ሁለቱን ቃላት ይናገራል። ካልተናገረ ስልኩን እንድትዘጋው ገና ከመጀመሪያው ቀን ተነግሯታል።

አሁን የቃላት ዝርዝሩን በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ እያዘጋጀን ነው። በአፋን ኦሮሞ ረዥምና አጭር አናባቢ ላይ የፊደሉን ጣጣ የሚመስል ሥራ ይጠብቀናል፤ ቋንቋው ቤታቸው የሆኑ ሁለት እህቶች ይዘውታል።