የሳን ሲሮው ወንበር

ዛሬ ጠዋት የድሮውን የኤሲ ሚላን አሠልጣኝ አሪጎ ሳኪን ልሆን ሞክሬ አልሆነልኝም። አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው፤ ነገሩ ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ኳስ አጫውታለሁ። አሠልጣኝ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከወንዙ ማዶ ባለችው አቧራማ ሜዳ እጮኻለሁ። ዛሬ የመጡት ዐሥራ ስድስት ነበሩ። አንዱን ግብ ጠባቂ፣ አራቱን ተከላካይ፣ ዐሥሩን አጥቂ አደረግኋቸው። አንድ ቀጭን ልጅ ተረፈኝ። «አንተ ትንሽ ቆይ» ብዬ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት።

ልምምዱ የሳኪ ነው። የቡድኑን ኮከቦች ሩድ ጉሊትንና ማርኮ ቫን ባስተንን ሥርዓት ከችሎታ እንደሚበልጥ ሊያሳምናቸው ሲፈልግ፣ በአንድ ወገን ግብ ጠባቂውን ጋሊንና አራቱን ተከላካዮች፣ ታሶቲን፣ ኮስታኩርታን፣ ባሬሲንና ማልዲኒን አቆመ፤ በሌላ ወገን እነ ጉሊትን ዐሥር አድርጎ አሰለፈ። ለዐሥሩ 15 ደቂቃ ሰጣቸው። ኳስ ከተነጠቁ ከራሳቸው ሜዳ 10 ሜትር ገባ ብለው እንደገና መጀመር ነው፤ ሌላ ሕግ የለም። ሳኪ ሲያወራው፣ ልምምዱን ስንት ጊዜ ደጋግመውት አንድም ቀን ግብ አላገቡም። አምስት ሰው ዐሥሩን አቆመ፣ ያውም እነ ቫን ባስተንን።

የእኔዎቹ አምስት ሁለት ደቂቃ አልቆዩም። ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ አራቱም ተከላካዮች እህል እንደተበተነላቸው ጫጩቶች ወደ ቀኝ ተንጋጉ። ግራው ባዶ ሆነ፤ አንዱ ልጅ እየሳቀ፣ እየተራመደ ገብቶ አስቆጠረ። ሦስተኛዋ ግብ ላይ ፊሽካ ነፋሁና «በቃ፣ ያለ ኳስ እንሥራ። እኔ ኳሷ እዚያ ናት ስላችሁ አራታችሁም አንድ ላይ ትሄዳላችሁ» አልኳቸው። ግብ ጠባቂው ዙሪያውን ቃኘና፣

«ጋሼ፣ ኳሷ ታዲያ የት አለች?» አለኝ።

«በሐሳባችሁ ነው የምታዩዋት።»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሳቁን ሊደብቅ ጎንበስ ብሎ የታሰረ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ሳኪም ቢሆን ተስቆበታል። ከፉሲኛኖ የመጣ፣ በአባቱ የጫማ ሥራ ጫማ ሲሸጥ የኖረ፣ በትልቅ ደረጃ አንድም ቀን ኳስ ያልተጫወተ ሰው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ሳነሣ እናገራለሁ።) በ1986 ሚላንን የገዛው ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ ዓይኑን የጣለበት፣ ያኔ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የነበረችውን ፓርማን ይዞ መጥቶ ሚላንን በገዛ ሜዳው በጣሊያን ዋንጫ ስላሸነፈው ነው። በ1987 ሲቀጠር ጋዜጠኞቹ «ተጫውቶ የማያውቅ ሰው እንዴት እነዚህን ያሠለጥናል?» አሉ። ጥሩ ፈረስ ጋላቢ ለመሆን አስቀድሞ ፈረስ መሆን እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር ብሎ መለሰላቸው። ጅማሬው አላማረም፤ በአውሮፓ ውድድር በኤስፓኞል ተሸንፎ ቶሎ ወጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። ሚያዝያ 1989 ላይ ሪያል ማድሪድን በሚላን ሜዳ በሳን ሲሮ 5 ለ 0 ሸኘው፤ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ስቴዋ ቡካሬስትን 4 ለ 0፣ ጉሊት ሁለት፣ ቫን ባስተን ሁለት። በማግስቱ ዓመትም ዋንጫውን ደገመው። ማድሪዶች ከጨዋታው በፊት ሰላይ ልከው ነበር አሉ፤ ሰውዬው ተመልሶ «ዐሥራ አንድ ሆነው፣ ተጋጣሚ ሳይኖር፣ ኳስ ሳይኖር ሲጫወቱ ዋሉ» ብሎ ነገራቸው። የእኔ ልጆች የሳቁበትን ነው እንግዲህ ያ ሰውዬ ለማድሪድ የነገረው።

ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ሚላኖ ነው የሚኖረው፣ ፖርታ ቬኔዚያ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ሰፈር። የሚላን ፍቅር ከእኔ ወደ እርሱ ነው የተጋባው፤ አሁን ግን እርሱ በትራም ስታዲየም የሚሄድ ሰው ስለሆነ በእኔ ላይ ሊቅ ይሆንብኛል። የጠዋቱን ውርደቴን ስነግረው ከሣቀ በኋላ «አጎቴ፣ ከሚላን አሠልጣኞች ሁሉ የሚበልጠው አንቼሎቲ ነው፤ ምን ያከራክራል?» አለኝ። እኔ ሊድሆልም አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እርሱ ደግሞ የአውሮፓ ዋንጫ ስንት አመጣ?» አለኝ። ምንም። ለሚላን አንድም አላመጣም።

ስልኩን ዘግተን ክርክሩ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

አያቴ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። አንድ ሊቅ ሲመሰገን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከማን ወንበር ተማረ?» ብለው ነው። ድምፁን፣ ዝናውን፣ የተሾመበትን ደብር አይጠይቁም። የእግር ኳስ አሠልጣኝም የሚቀመጠው ወንበር ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል። በአያቴ ጥያቄ ሚላንን ስጠይቀው የማገኘው መልስ ዋንጫ በመቁጠር ከማገኘው ይለያል።

መጀመሪያ ወንበር የዘረጋው ኔሬዮ ሮኮ ነው። የትሪየስቴ ሰው፣ ሰፊ ገላ፣ በሰፈሩ ቋንቋ ኤል ፓሮን ይሉታል፣ ጌታው፣ አለቃው እንደማለት። ተከላካይ አብዝቶ በሩን መዝጋት የሚያውቅበት ነበር፤ ጣሊያኖች ያንን አጨዋወት ካቴናቾ የሚሉት መቀርቀሪያ ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ ከጨዋታ በፊት «የተሻለው ያሸንፍ» ቢሉት «እንዳይሆን ተስፋ እናድርግ» አለ ይባላል። ይህንን ሰው አለመውደድ አልችልም። በ1963 ዌምብሌይ ላይ ቤንፊካን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጣሊያን አስገባ፤ ዋንጫውን ያነሣው አምበሉ ቼዛሬ ማልዲኒ ነበር። በ1969 አያክስን 4 ለ 1 አድርጎ ደገመው። በየካቲት 1979 ሞተ።

በዚያው ዓመት በጸደይ ሚላን ዐሥረኛውን የሊግ ሻምፒዮንነት አገኘ፤ ማልያው ላይ ኮከብ የተሰፋበት ያ ነው። ወንበሩ ላይ የነበረው ኒልስ ሊድሆልም ነው።

ሊድሆልምን ያገኘሁት የቼዛሬን ልጅ የፓውሎ ማልዲኒን ታሪክ ወደ ኋላ እየተከተልኩ ስሄድ ነው። ስዊድናዊ ነው። በ1949 በተጫዋችነት መጥቶ ከግሬንና ከኖርዳል ጋር ሦስት ሆነው ጣሊያንን አስጨነቁ። በ1958 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አምበል ሆኖ በ35 ዓመቱ ብራዚል ላይ የመጀመሪያዋን ግብ ያገባው እርሱ ነው፤ በኋላ እነ ፔሌ አምስት አስቆጠሩባቸው እንጂ። ሚላንን በሦስት የተለያዩ ጊዜያት አሠልጥኗል። ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ቀልዱን ፊቱ ሳይፈታ የሚናገር ሰው ነበር ይሉታል። የጣሊያን ተከላካይ ሁሉ አንድ አንድ አጥቂ ተከትሎ መጸዳጃ ቤት ድረስ በሚሄድበት ዘመን፣ ሰው ሳይሆን ቦታ ጠብቁ እያለ አስተማረ።

ከእርሱ ወንበር የወጡትን እዩልኝ። ፍራንኮ ባሬሲን በ1978 በ17 ዓመቱ ያስገባው እርሱ ነው። ፋቢዮ ካፔሎ የዚያች የኮከብ ዓመት ተጫዋቹ ነበር፤ በ1987 ሊድሆልም ሲሰናበትም ለጥቂት ሳምንታት ወንበሩን የያዘው ካፔሎ ነው። ካርሎ አንቼሎቲን በ1979 ከፓርማ ወደ ሮማ የወሰደው፣ በ1983 ከእርሱ ጋር የጣሊያን ሻምፒዮን የሆነው ሊድሆልም ነው። ከዚያ ሳኪ ጉልበቱ የተጎዳውን አንቼሎቲን ካላመጣችሁልኝ ብሎ ወደ ሚላን አስመጣው፤ በዚያ የማድሪድ 5 ለ 0 የመጀመሪያዋን ግብ ከሩቅ የመታው አንቼሎቲ ነው። ሳኪ ከመስመሩ ውጭ የመጣ ብቸኛ ሰው ይመስላል፤ ግን የተከላካዮቹን መስመር አንድ ላይ የሚያንቀሳቅሱለት ባሬሲና ማልዲኒ ቦታ መጠበቅን ቀድመው ከማን ተማሩት?

ካፔሎን አከብረዋለሁ፣ አልወደውም። ከሳኪ በኋላ ሚላንን ሲያሠለጥን በአምስት ዓመት አራት የሊግ ዋንጫ፣ 58 ጨዋታ ያለ ሽንፈት። በ1994 ሻምፒዮን የሆነው በ34 ጨዋታ 36 ግብ ብቻ አግብቶ ነው፤ ያገቡበት 15። እንደ ሒሳብ ሹም ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት በአቴንስ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ባሬሲና ኮስታኩርታ በቅጣት ሳይኖሩ የክራይፍን ባርሴሎና 4 ለ 0 አደረገው። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ውጤቱን በማግስቱ ስሰማ አራቱን ያገባው ባርሴሎና ነው ብዬ ተከራክሬያለሁ።

አንቼሎቲን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ግንቦት 17 ቀን 1997 በእኛ አቆጣጠር፣ ከምርጫው ዐሥር ቀን በኋላ። ኢስታንቡልና አዲስ አበባ በዚያ ወቅት ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ሚላን ከሊቨርፑል የተጋጠመበት የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ከምሽቱ 3፡45 ጀመረ። ዲኤስቲቪ የሚያሳይ ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀምጠናል። ማልዲኒ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አገባ፤ ክሬስፖ ሁለት ጨመረ። በዕረፍት ሰዓት ለተደረደሩት የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። ማጽናኛ ነው ብዬ። ብርጭቆዎቹ ገና ሳይሰበሰቡ ጄራርድ፣ ሽሚሰር፣ አሎንሶ፤ በስድስት ደቂቃ 3 ለ 3። ካሜራው አንቼሎቲን ባሳየ ቁጥር አንዷ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጥታ ነበር፤ ሌላው ፊቱ አልተንቀሳቀሰም። የሼቭቼንኮን ፍጹም ቅጣት ምት ዱዴክ ሲመልሳት ተነሥቼ ወጣሁ። የጋበዝኩትን ሻይ ጠጥተው ሲዘፍኑ ከመንገድ ማዶ ይሰማኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ በአቴንስ ያንኑ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸነፈው። ካፔሎ ባሸነፈበት በዚያው ስታዲየም ነው፤ በ1896 ማራቶንን ባሸነፈው በስፒሮስ ሉዊስ ስም የተሰየመው፣ የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልቻልኩም። ከዚያ በፊት በ2003 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ዩቬንቱስን በፍጹም ቅጣት ምት ረትቶ ነበር። ዋንጫውን ያነሣው ፓውሎ ማልዲኒ ነው፤ አባቱ በሮኮ ዘመን ካነሣው 40 ዓመት በኋላ፣ በዚያችው በእንግሊዝ ምድር።

ፓውሎን ማን አስገባው? ጥር 20 ቀን 1985፣ በእኛ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ሚላን በኡዲኔ ይጫወታል። ባቲስቲኒ ተጎዳ። ሊድሆልም ከዕረፍት በኋላ በእርሱ ምትክ የ16 ዓመቱን ልጅ አስገባው። ልጁ 45 ደቂቃ ተጫወተ፣ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ የሆነው ነው፤ በዚያ ዓመት በሊጉ ሌላ አንድም ጨዋታ አላጫወተውም። ማንነቱን አይቶ አወቀ፣ መልሶ አስቀመጠው፤ በሚቀጥለው ዓመት አውጥቶ ቋሚ አደረገው። እኔ ብሆን በሳምንቱ አሰልፌው፣ በወሩ ስሰድበው እገኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲያነብ «ፒዮሊስ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። በ2022 ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ መለሰልን፤ በዚያው ምሽት በግርግሩ መካከል የሻምፒዮንነት ሜዳሊያውን ከአንገቱ ነጠቁት። ስለ እርሱ ሌላ ቀን።

ሊድሆልም ከኳስ በኋላ ፒዬሞንቴ ውስጥ ኩካሮ በምትባል መንደር ወይን ተክሎ ኖረ፤ በ2007 እዚያው ዐረፈ።

ይህን ስጽፍ ነው ያ ቀጭን ልጅ ትዝ ያለኝ። ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ረስቼዋለሁ። ስንጨርስ ኳሷን ሰብስቦ ያመጣልኝ እርሱ ነው። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምጣ?» ሲለኝ የሌላውን ልጅ ጉልበት እያሰርኩ ስለነበር ቀና ሳልል «ና፣ ና» አልኩት። በየትኛው እግሩ እንደሚመታ እንኳ አላውቅም።