መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ዲግሪው በኋላ፦ አሜሪካ ውስጥ ነርስ የሆንኩበት መንገድ

ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ መሆን የሚፈልግ ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አሶሽየት (አጭሩ የኮሌጅ ዲግሪ) ይበቃኛል ወይስ ባችለር (ረጅሙን ዲግሪ) ልጀምር?» መልሴም አንድ ነው፦ የነርስነት የሥራ ፈቃዱን ወጪው በሚቀልበት መንገድ ያዙ፤ ባችለሩ የትም አይሄድም።

በዲቪ መጥቼ የጀመርኩት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ሆኜ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለሲኤንኤ የሚጠይቀው ቢያንስ 75 ሰዓት ስልጠና ነው፤ ብዙዎቻችን ከዚያ የምንጀምረውም ለዚህ ነው። ሥራው ወገብ ይቆርጣል። ግን ነርሶቹ የሚሠሩትን በቅርብ አያለሁ፤ በኋላ ክሊኒካል (የተግባር ልምምድ) ስገባ በሽተኛ ለማገላበጥ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ጓደኞቼ በኤልፒኤን፣ ማለትም ከሙሉ ነርስ አንድ ደረጃ ዝቅ በሚለው ፈቃድ በኩል አለፉ። አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ደመወዝም ቶሎ ይጨምራል። እኔ ዘልዬው ለአሶሽየት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባሁ።

አሶሽየት «የሁለት ዓመት» ነው ሲባል አትመኑ። ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ፕሮግራሙ ከተቀበላችሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌላም አለ። ወንበሩ ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ስለሆነ ማለፊያ ውጤት ብቻ አያስገባም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የቆየ የሳይንስ ኮርስ አይቀበሉም። ስለዚህ ሙሉ ሰዓት እየሠራሁ ሁለት ከባድ ሳይንስ በአንድ ሴሚስተር አልወሰድኩም። ዘገየሁ፤ ግን ውጤቴን አላበላሸሁም።

አሶሽየት ያለውም ባችለር ያለውም የሚቀመጠው ኤንክሌክስ ለሚባለው ለዚያው የነርስነት ፈቃድ ፈተና ነው። ፈተናው ከ85 እስከ 150 ጥያቄ አለው። ኮምፒውተሩ እንደ መልሳችሁ ያከብዳል፣ ያቀላል፤ በቃኝ ሲል ይዘጋል። ሲዘጋ ልብም አብሮ ቀጥ ይላል!

ታዲያ ባችለሩ ለምን? ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በተለይ ማግኔት የሚባለውን የነርሲንግ ጥራት እውቅና የሚፈልጉት፣ ባችለር ያለውን ያስቀድማሉ። ኒው ዮርክ በ2017 ባወጣችው ሕግ አዲስ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ አስገድዳለች። በ2003 የወጣ የፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች ጥናትም ባችለር ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ሲጨምር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች የመሞት ዕድል በ5 በመቶ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ይህን ለአንዲት አንጋፋ የአሶሽየት ነርስ ብነግራት ከት ብላ ሳቀች። አልፈርድባትም፤ ደም ስር በማግኘት የሚወዳደራት አላየሁም።

እኔ ባችለሩን በኦንላይን የጨረስኩት እየሠራሁ፣ በአሠሪዬ ገንዘብ ነው። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለትምህርት ቢከፍልላችሁ ግብር አይቆረጥበትም። ቅጥር ስትደራደሩ ይህን ጠይቁ፤ ከከፈሉ በኋላ ስንት ዓመት እነሱ ጋ እንድትሠሩ እንደሚያስገድዷችሁም ጭምር። ትምህርቱ አብዛኛው ወረቀት መጻፍ ነው፤ አሰልቺ ነው። የወደድኩት የማኅበረሰብ ጤናውን ነው። ከቅዳሴ በኋላ የደም ግፊት ስንለካ፣ መድኃኒታቸውን በጾም የሚያቋርጡ ስንት እናቶች እንዳሉ ያየሁት ያኔ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነርስ የነበራችሁ ግን የኔን መንገድ አትከተሉ። ማስረጃችሁን አስገምግማችሁ በቀጥታ ለኤንክሌክስ ማመልከት ትችሉ እንደሆነ የምትኖሩበትን ስቴት የነርሶች ቦርድ ጠይቁ። ለግምገማው ትራንስክሪፕት የሚላከው ከኮሌጁ በቀጥታ ነው። ገና ያልመጣችሁ ካላችሁ፣ ከአገር ሳትወጡ ሬጅስትራር ቢሮ ሂዱና ማን እንደሚልክ፣ እንዴት እንደሚልክ ጨርሳችሁ ኑ።